አዲስ ምትሐታዊ ኮሜዲ በትንሽ አዳራሽ፦ ከምን እንጀምር ላላችሁት

ጥያቄያችሁ ይህ ነው፦ 80 ወንበር ያለው አዳራሽ፣ 6 ተዋናዮችና አዲስ የተጻፈ ኮሜዲ አላችሁ። በታሪኩ ንጉሥ ከዙፋኑ ላይ ይሰወራል፣ ግዙፍ ፍጡር ይመጣል፣ በርጩማ በራሱ ይሄዳል። በትንሽ ወጪ እንዴት ይሠራል፣ ከምንስ ይጀመራል?

ከድርሰቱ ጀምሩ። ጭሱና መብራቱ ይደርሳሉ። ተመልካች የሚስቀው ምትሐቱን አይቶ ስለተደነቀ አይደለም፤ የምትሐቱን ሕግ አውቆ፣ ሕጉ በማይመች ሰዓት ሊሠራ እንደሆነ ቀድሞ ስለሚገባው ነው። «ንጉሡ በዋሸ ቁጥር ይሰወራል» የሚል ሕግ ካለ፣ ንጉሡ የማይወደውን እንግዳ ሊያወድስ አፉን ሲከፍት አዳራሹ ገና ሳይሰወር ይስቃል። ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ተመልካቹም አይዘውም። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ አንዴ ይነገር፣ አንዴ ሲሠራ ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሕግ አትጨምሩበት።

ልምምድ ሳትጀምሩ ድርሰቱን ለማያውቁ ከ6 እስከ 8 ሰዎች ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። አንድ ሰው በእርሳስ ሁለት ነገር ብቻ ምልክት ያድርግ፦ የሳቁበትንና ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ የተያዩበትን። ደራሲው ይስማ፣ ማብራሪያ ግን አይስጥ። አብዛኛውን ጊዜ መቆረጥ ያለበት ስለዚያ ምናባዊ ዓለም የሚተርከው ረጅም ንግግር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ የምትሐት ዝርዝር አውጡ። ለእያንዳንዱ ገጹን፣ የሚያስጀምረውን ቃል ወይም የእጅ ምልክት፣ ማን የትኛውን ገመድ ወይም ቁልፍ እንደሚይዝ፣ እንዲሁም ሳይሠራ ቢቀር ተዋናዩ የሚናገረውን ቃል ጻፉ። የመጨረሻውን ብዙ ቡድን ይዘለዋል። ነገር ግን በድንጋጤ መሃል ጥሩ ቀልድ አይፈልቅም፤ ደራሲው አስቀድሞ ይጻፈው፣ ብልሽቱንም ራሱን ሆን ብላችሁ ተለማመዱት። ዝርዝሩ ከ8 በላይ ከሆነ ቀንሱ። ጥቂት ምትሐት በተለያየ ሁኔታ መደጋገሙ ለኮሜዲ ይበልጣል።

ንጉሡን ለመሰወር ወለል መቅደድ አያስፈልግም። ከዙፋኑ ኋላ ሁለት ጥቁር መጋረጃዎች ስቀሉ። አንዱ ከሌላው ወደ 30 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ይግባ፣ ጎናቸው ከ80 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ይደራረብ። ከፊት ሲታይ አንድ ወጥ ግድግዳ ይመስላል፤ ተዋናዩ ግን በመካከላቸው ያልፋል። ጨርቁ ከፈይ ወይም ወፍራም ጥጥ ይሁን፤ የሚያብረቀርቅ ሳቲን ከሆነ እጥፋቱ ሁሉ ብርሃን ይመልሳል። ከመሰወሩ በፊት መድረኩን ለ5 ሰከንድ ያህል አድምቁትና ሁሉንም በአንዴ አጥፉ። ዓይን ከድምቀት ወደ ጨለማ ለመላመድ ጊዜ ስለሚፈልግ 2 ወይም 3 ሰከንድ ጨለማ ይበቃችኋል። ንጉሡ ግን በዚያው ጨለማ መንገዱን ማየት አለበት፤ ቀደም ብሎ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያቆይ፣ ሲጠፋ ይክፈተው። በመጋረጃው ጫፍና በመድረኩ ጠርዝ ላይ በጨለማ የሚያበራ ፕላስተር ጥፍር በምታህል ቁራጭ ለጥፉ። ከዚያ አዘጋጁ በመጀመሪያው ረድፍ የግራና የቀኝ ዳር ወንበሮች ላይ ተቀምጦ ይይ። ምስጢሩ የሚወጣው ሁልጊዜ ከእነዚያ ሁለት ወንበሮች ነው።

ለግዙፉ ፍጡር ጥላ ተጠቀሙ፤ ለትንሽ አዳራሽ ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም። ነጭ ጨርቅ ወጥራችሁ ከኋላው አንድ ትንሽ አምፖል ብቻ ወለል አጠገብ አድርጉ። አምፖል ሁለት ከሆነ ጥላውም ሁለት ይሆናል፤ ሰፊ መብራት ከሆነ ጠርዙ ይደበዝዛል። አምፖሉ ከጨርቁ 4 ሜትር ቢርቅና ተዋናዩ ከአምፖሉ 2 ሜትር ላይ ቢቆም ጥላው እጥፍ ይሆናል፣ 1 ሜትር ላይ ቢቆም አራት እጥፍ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በእጥፍ 3 ሜትር ከ40 ስለሚሆን 3 ሜትር ከፍታ ባለው ጨርቅ ላይ ራሱ ይቆረጣል፤ ወደ ጨርቁ ጠጋ ይበል። የሚቆምበትን ቦታ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ግማሽ እርምጃ እንኳ መጠኑን ይለውጠዋል።

በርጩማው በናይለን ክር ይጎተት። ክሩ በመብራት ስለሚያብረቀርቅ በጥቁር ማርከር ቀቡት፣ ከእግሮቹ ሥር ደግሞ ወፍራም ሱፍ ለጥፉ። ሰውን በገመድ ማንጠልጠል ግን ለዚሁ የተሠራ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ከሌለ ፈጽሞ አይሞከርም። ከተመልካችም ሆነ ከተዋናይ ራስ በላይ የሚሰቀል ሁሉ፣ መብራትም ቢሆን፣ ሁለተኛ የመጠባበቂያ ማሰሪያ ይኑረው።

ጭስ በጥቂቱ። ማሽኑ ለመሞቅ ደቂቃዎች ይፈልጋል፣ ሲተፋ ይንሿሿል፣ አፉ አጠገብ ያለውን ወለል ያንሸራትታል፣ የአዳራሹን የጭስ ማስጠንቀቂያም ሊያስነሳ ይችላል፤ ከአዳራሹ ኃላፊዎች ጋር አስቀድማችሁ ሞክሩት። ደረቅ በረዶን (የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድን) ተዉት፤ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በጠባብና በተዘጋ ቦታ ወለል ላይ ይከማቻል፣ አደገኛ ነው። ከሁሉ በላይ ጭስ ፊት ይሸፍናል። ምትሐቱን አስቂኝ የሚያደርገው ደግሞ አጠገቡ የቆመው ተዋናይ ፊት ላይ የሚነበበው ነው።

መብራቱም በዚሁ ይመራ። ምናባዊ ዓለም ሲባል መድረኩን በሰማያዊ ማጨለም ይቀናል፤ ፊት ካልታየ ግን ሳቅ የለም። ከፊት፣ በ45 ዲግሪ ግድም ከላይ የሚመጣው ብርሃን ንጹሕ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሁን፤ ቀለሙን ለጎንና ለኋላ መብራቶች አቆዩት። መብራት ፊት የሚደረግ ጥቁር ሰማያዊ የቀለም ማጣሪያ አብዛኛውን ብርሃን እንደሚያስቀር አትርሱ። የድምፅ ባለሙያው መድረኩን በዓይኑ ከሚያይበት ቦታ ይቀመጥ፣ ከጽሑፉ ይልቅ የተዋናዩን እጅ ይከተል፤ ድምፁ ከእጁ ከቀደመ ምትሐቱ ይጋለጣል። በርጩማው የሚጮህ ከሆነ ትንሽ ድምፅ ማጉያ እዚያው አጠገቡ ደብቁ።

ጭምብል የሚያደርግ ካለ አፍና አገጭን የማይሸፍን ግማሽ ጭምብል ምረጡለት። ጎን ለጎን ማየት ስለሚከለክለው ቢያንስ 3 ሳምንት ቀድሞ ይለማመድበት። ለፈጣን የልብስ ለውጥ ቬልክሮ (ተጫኖ የሚጣበቅ፣ ተስቦ የሚገነጠል የጨርቅ ማያያዣ) አትጠቀሙ፤ ሲገነጠል የሚያሰማው ድምፅ በትንሽ አዳራሽ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይደርሳል። ማግኔት ወይም ላስቲክ ዝም ይላል።

ተዋናዮቹ ሳቅን ማስተናገድ ይልመዱ፤ ቀጣዩ ቃል የሚነገረው ሳቁ ጣራ ነክቶ መውረድ ሲጀምር ነው። ፈጽሞ እስኪያልቅ ከጠበቁ ጉልበቱ ይሞታል። አስቂኙ ቃል ሲነገር ሌላው ተዋናይ አይንቀሳቀስ። በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ድምፅ የማውረድ ልማድንም አጥብቃችሁ ተቆጣጠሩ፤ ብዙ ቀልድ የሚቀበረው እዚያ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ 6 ሳምንት፣ በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት፣ ማለትም 72 ሰዓት ይበቃል። ሁኔታው ግን አንድ ነው፦ የምትሐት ቁሳቁሱ ጥሬውም ቢሆን በ2ኛው ሳምንት ልምምድ ላይ ይገኝ። በመጨረሻው ሳምንት ደርሶ የመጣ መጋረጃ ተዋናዩን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። የመጨረሻው ሳምንት 2 ቀን ለመብራትና ለድምፅ ብቻ፣ ንግግሩን እየዘለላችሁ ከምልክት ወደ ምልክት እየሄዳችሁ ይሁን፤ ከዚያ በሙሉ ልብስ፣ ከዚያ 20 ያህል ተመልካች ጋብዛችሁ አሳዩ። አዲስ ቃል መጻፍ ከመክፈቻው 10 ቀን በፊት ይቁም። ከተጋባዦቹ ቀን በኋላ መቁረጥ ብቻ ይፈቀዳል፤ የሚቆረጠውም ምትሐት የሚያስጀምር ቃል የሌለበት ቦታ ይሁን፣ አለዚያ መብራቱና ድምፁ ምልክታቸውን ያጣሉ።