ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፦ ርቀቱ፣ ሰዓቱና ትኬቱ

በበረራ ዕቅድ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ስለ አዲስ አበባና ናይሮቢ ጉዞ የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ርቀቱ ስንት ነው?

መልስ፦ ከቦሌ እስከ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታው ወደ 1,160 ኪሎ ሜትር ነው። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው የጉዞ ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር አውሮፕላን ለዚህ ርቀት ሁለት ሰዓት ለምን ይፈጅበታል?

መልስ፦ ያ ፍጥነት የሚገኘው አውሮፕላኑ ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው፤ ሲወጣና ሲወርድ ዝግ ይላል። ትኬቱ ደግሞ መንኮራኩሩ ከቆመበት ከተነቃነቀ ጀምሮ ናይሮቢ ተርሚናል ደርሶ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ይቆጥራል። በአጭር ጉዞ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል።

ጥያቄ፦ ቦሌ ላይ ሲነሣ ብዙ የሚንደረደረው ለምንድን ነው? እናቴ ትፈራለች።

መልስ፦ እናትዎ አይስጉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ በቂ ኃይል ለማግኘት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ተሰልቶ፣ የሚጫነው ክብደትም በዚያው ልክ ተወስኖ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ትኬቴ «ማክሰኞ 00:40» ይላል። የሰዓት ልዩነት አለ? መቼ ልምጣ?

መልስ፦ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሰዓት ልዩነት የለም። እባክዎ ቀኑን ግን ልብ ይበሉ። በትኬት አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በምንለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎ በረራ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ይገኙ። የአክስቴ ልጅ ማክሰኞ ማታ በርበሬና ሽሮ የታጨቀበት ሻንጣዋን እየጎተተች ስትደርስ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። ያን ምሽት የነበረው ፊቷ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም። ትኬት በገዛችሁ ቀን ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ደስ የሚለው፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ በስዋሂሊ ከተቀጣጠራችሁ ጠዋት አራት ሰዓት አራት ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ በመኪናስ?

መልስ፦ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ በሞያሌ በኩል ወደ 1,550 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለት ቀን ያዙለት፤ ለድንበሩ ፍተሻም ተጨማሪ ጊዜ ተዉ።

ጥያቄ፦ ከፓስፖርት ሌላ ምን ልያዝ?

መልስ፦ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነውና ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት።

ጥያቄ፦ መስኮት ዳር በየት በኩል ልቀመጥ?

መልስ፦ ሲሄዱ በግራ። ሰማዩ ከጠራ፣ ልትወርዱ ስትሉ 5,199 ሜትር የሚረዝመው የኬንያ ተራራ ጥርስ የመሰሉ ጫፎቹን ከደመናው በላይ አውጥቶ ይታያል። የምድር ወገብም እዚያው አጠገቡ ነው የሚያልፈው።