መልስ፦ ዊኪፔዲያን ምን ያህል ልመን?

«ለሴሚናር ጽሑፌ ዊኪፔዲያን ልጥቀስ ወይስ ልተወው?» ላሉት፦ ለመነሻ ይጠቀሙበት፣ በግርጌ ማስታወሻ ግን አይጥቀሱት። ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ተጭነው ምንጩን ራሱን ያንብቡ፤ አንዳንዴ መጽሐፉ አለ፣ የተባለው ነገር ግን ውስጡ የለም። ምንጩ ጋዜጣ ከሆነ ቀኑን ያስተያዩ። ጋዜጣው ከዊኪፔዲያ ቀድቶ፣ ዊኪፔዲያ መልሶ እሱን የሚጠቅስበት ጊዜ አለና። ከዚያ የለውጥ ታሪኩን ይክፈቱ፦ የሚፈልጉትን መረጃ ማን፣ መቼ ነካው? የውይይት ገጹም አይለፍዎ፣ ጭቅጭቁ ያለው እዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚያየው ገጽ ቶሎ ይታረማል። ጎብኚ ያጣው ላይ ስሕተት ይከርማል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር የተጻፈው ውሸት 4 ወር ገደማ ቆይቷል። አርታዒው ጥቂት የሆነው የአማርኛው ዊኪፔዲያም ይኸው ያሰጋዋል። በተለይ ዓመተ ምሕረት ላይ ይጠንቀቁ፦ የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። «1896 ዓ.ም.» የሚል ካዩ ጸሐፊው አቆጣጠሩን ሳይለውጥ ገልብጧል ማለት ነው፤ የገጹን ሌሎች ቀኖችም አንድ በአንድ ይመርምሩ።