ሰዓት የምታተርፍ ከተማ

ልጆቼ፣ ወዴት ሄደን እንኑር ብላችሁ ስትደውሉልኝ ጥያቄያችሁ ሁሌም በኪራይ ይጀምራል። «ጋሼ፣ ኮሎምበስ ባለ ሁለት መኝታ ስንት ነው?» ዋጋውን ስነግራችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከሲያትል ጋር ታስተያዩትና ወዲያው ሻንጣ መሸከፍ ያምራችኋል። ቀስ በሉ። ኪራይ እዚህ ኮሎምበስም እየጨመረ ነው። እኔ ስመጣ የነበረው ዋጋ ዛሬ ተረት ሆኗል። ርካሽ ነው ተብሎ የተመጣበት ከተማ መወደድ ሲጀምር፣ ለመቆየት ሌላ ምክንያት ያስፈልጋል።

እኔ ዕድሜዬን በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ስደምር ስቀንስ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ምክሬ ሂሳብ ሂሳብ ቢሸት አይግረማችሁ። አንድ ነገር ብቻ አስሉልኝ። ከሥራ ወጥታችሁ እስክትተኙ ድረስ ካለው ሰዓት ውስጥ ስንቱ የእናንተ ነው? መንገድ ላይ የሚያልቀውን ቀንሱ። ኪራይ ለመሙላት የተያዘው ሁለተኛ ሥራ የሚበላውን ቀንሱ። ፓርኪንግ ፍለጋ የምትዞሩትንም ቀንሱ። ኑሯችሁ የቀረው ነው። የመካከለኛ ከተማ ጥቅም የሚታየው እዚያ ቀሪ ላይ ነው።

ኮሎምበስን መካከለኛ ስላት የሚከራከረኝ አይጠፋም። የኦሃዮ ዋና ከተማ ናት። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 905,748 ሰው ተቆጥሮባታል። ክሊቭላንድና ሲንሲናቲ በከተማ ክልላቸው ያለው ሕዝብ ተደምሮ እንኳን አያክላትም። ግን ይህ ቁጥር ትንሽ ያሳስታል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማዋ አስተዳደር «ውሃና ፍሳሽ መስመር የሚፈልግ አካባቢ መጀመሪያ ወደ እኛ ይጠቃለል» እያለ መሬት ሲሰበስብ ኖሯል። ስለዚህ የሰፋችው ወደ ጎን ነው። አኗኗሯ የመካከለኛ ከተማ ነው። ከመሐል ከተማ አውሮፕላን ማረፊያው ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ከተማዋን የሚዞረው ሀይዌይ 270 በሥራ መውጫ ሰዓት ይጨናነቃል፣ አልዋሽም። ግን የዋሽንግተኑን ቤልትዌይ የቀመሰ ሰው ይህንን ትራፊክ ብሎ አይጠራውም።

ነገሩን በአንድ ማክሰኞ ላሳያችሁ። የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ፣ በእናንተ ዕድሜ። እሱ ፖላሪስ አካባቢ ባንክ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል፤ እሷ ነርስ ናት። በአሜሪካኑ አምስት ሰዓት ሲል ይወጣል። አምስት ተኩል ሳይሞላ ዌስተርቪል ቤቱ በር ላይ ነው። ትልቁ ልጅ ታኬታውን በአንድ እጁ፣ የተላጠ ብርቱካን በሌላው ይዞ መኪና ውስጥ ዘሎ ይገባል፤ ስድስት ሰዓት ሜዳ ላይ ናቸው። እሷ የአሥራ ሁለት ሰዓት ሺፍቷን በሳምንት ሦስት ቀን ስለምትገባ ማክሰኞ እረፍቷ ነው። ሽሮው ተሠርቶ፣ ትንሿ ልጅ ቤተ መጻሕፍት ደርሳ ተመልሳ፣ ማታ ስምንት ሰዓት ላይ እናት ደብተሯን ዘርግታ ለማስተርሷ ታጠናለች። ይኸው ነው። ፎቶ ተነስቶ ቲክቶክ ላይ የሚለጠፍ ሕይወት አይደለም። ግን ዲሲ የቀሩት ጓደኞቻቸው ያን ሰዓት አሁንም መሪ ላይ ናቸው።

ሰዓት ሲተርፍ ደግሞ ትምህርት ይቻላል። ወጣቶች እዚህ መጥተው ሲወድቁ ያየሁት በአብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን ሥራ። ከኮሎምበስ በአንድ ቀን መንዳት የአሜሪካ ሕዝብ ግማሽ ገደማ ይደረስበታል እየተባለ ይነገርላታል። የዌርሃውሱና የትራኩ ብዛት ከዚያ የመጣ ነው። በመጣችሁ በሳምንታችሁ ሥራ ታገኛላችሁ። ኦቨርታይም አለ፣ ሌሊት ጭማሪ አለው፣ ብሩ ይጥማል። ከዚያ መኪና በዱቤ ይገዛል። ከዚያ ኦቨርታይሙ ለመኪናው ይሆናል። አምስት ዓመት ሲያልፍ ወገብ ታሞ፣ እንግሊዝኛው እዚያው ቆሞ ታገኙታላችሁ። ሥራውን እየናቅኩ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ አቁሟል፣ አዲስ አበባም ብዙ ቤት አሠርቷል። ብቻ ስትገቡ የመውጫውን ቀን ጽፋችሁ ግቡ።

መውጫው ደግሞ ቅርብ ነው። ኮሎምበስ ስቴት የሚባለው የማኅበረሰብ ኮሌጅ መሐል ከተማ ነው ያለው፤ ክፍያው ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ በእጅጉ ያንሳል። እዚያ ሁለት ዓመት ጨርሶ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር ስምምነት አለ። ልጆች ካሏችሁ ወይም ታናሽ ወንድም ካመጣችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። ከ2022 ጀምሮ ከኮሎምበስ ከተማ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚመረቅ ተማሪ ኮሎምበስ ስቴት ያለ ትምህርት ክፍያ የሚገባበት ፕሮግራም ተጀምሯል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ፕሮግራሙ የከተማው ትምህርት ቤቶች ነው። ከከተማው ዳር ባሉት ደብሊን ወይም ሂሊያርድ ቤት ገዝታችሁ ልጃችሁን እዚያ ካስተማራችሁ አይመለከታችሁም። የኛ ሰው ሁሉ ወደ ሰፈረ ሀብታም ሲሮጥ ይህንን ማንም አይነግረውም።

ስለ ሥራ ይህችን ልጨምር። እኔ ከተማ የምገመግመው ስንት ዓይነት ቀጣሪ እንዳላት አይቼ ነው። እዚህ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት አለ። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ኢንሹራንስ፣ ባንክ አለ። ሜሪስቪል የሆንዳ ፋብሪካ ከ1982 ጀምሮ መኪና ይሠራል። አንዱ ሲያነጥስ ሌላው ይሸፍናል። በዚሁ ክፍለ ሀገር ያንግስታውንን እዩ። በብረት ብቻ የኖረች ከተማ ነበረች፣ በ1977 ትልቁ የብረት ፋብሪካ መዘጋቱ ሲነገር የብዙ ሰው ኑሮ አብሮ ተዘጋ። ስለዚህ በአንድ ፋብሪካ ዜና ከተማ አትምረጡ። ኢንቴል በ2022 መጀመሪያ ከኮሎምበስ ምሥራቅ ቺፕ ፋብሪካ ልሠራ ነው ሲል ስልኬ አላርፍ አለ። «ጋሼ፣ አሁኑኑ ቤት ልግዛ?» የሚል ብቻ። ፋብሪካው በ2025 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ነበር፤ ኋላ ወደ 2030ና 2031 ተገፋ። ቤት ግዙ፣ እሰየው፤ ግን ዛሬ በምታገኙት ደመወዝ የሚከፈል ቤት ግዙ።

ቤት ስትገዙ ደላላው የማይነግራችሁን እኔ ልንገራችሁ። ኮሎምበስ ከደመወዛችሁ ላይ 2.5 በመቶ የከተማ ግብር ትቆርጣለች። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት ሲያይ ደንግጦ ይደውልልኛል። የቤት ግብሩም ቀላል አይደለም፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል። የወር የባንክ ክፍያችሁን ስታሰሉ ግብሩንና የቤት ኢንሹራንሱን አብራችሁ ደምሩ።

አሁን ብር የማይለካውን ላንሳ። ባለፈው ክረምት አንዲት ከመጣች ዓመት ያልሞላት ልጅ አባቷ ጎንደር አረፉባት። ኋይትሆል አንድ አፓርታማ ውስጥ ነው የምትኖረው። ሌሊት ተረዳች። ጠዋት ሦስት ሴቶች ሥራ ቀርተው እሷ ጋ ነበሩ። ማታ ላይ ቤቱ መቀመጫ አልበቃ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ታጣፊ ወንበር በፒካፕ መጣ፤ ከወንበሩ ጋር ያ ትልቁ የሻይ ጀበና። ወንዶቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። ከፊት ለፊቷ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጫጫታውን ሰምተው ወጡና ምን እንደሆነ ጠየቁ። ተነገራቸው። ገብተው በሩን ዘጉ። እኛም ጫጫታው አስቆጥቷቸው ይሆናል ብለን ዝም አልን። ከአንድ ሰዓት በኋላ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዘው መጡ፣ የጫማውን ክምር አይተው ጫማቸውን አወለቁና በካልሲ ገቡ። ትሪው ላይ ሥጋ ነበረበት፣ ቀኑ ደግሞ ዓርብ። ማንም አልተናገረም፤ አመስግነን ተቀበልናቸውና ከሷ አጠገብ ተቀመጡ።

ትልቅ ከተማ ለቅሶ አይደረስም እያልኩ አይደለም። ዲሲ የኛ ሰው በሺህ ነው፣ ይደርሳሉ። ግን ከሁለት ሥራ መሐል ሰዓት ሰርቆ፣ መንገድ ተቆልፎበት፣ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ የሚነሳ ብዙ ነው። እዚህ ሰው ማምሸት ይችላል። ዕቁቡም ዕድሩም የሚሠራው በዚያ ምክንያት ነው። እርግጥ ዋጋ አለው። ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል። ቅዳሜ ከማን ጋር ቡና እንደጠጣችሁ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እኔ ጋ ይደርሳል። ላላገባችሁም መራጫው ጠባብ ነው፤ ይህንን ከብዙ ቅሬታ ተምሬያለሁ።

ሌላው ወጣቶች የማትጠቀሙበት ነገር፣ በዚህ ዓይነት ከተማ ድምፃችሁ ይሰማል። ኮሎምበስ ውስጥ የየአካባቢው ኮሚሽን የሚባል አለ። ነዋሪዎች በነፃ የሚያገለግሉበት ነው። አንድ ሰው ባዶ መሬት ላይ ነዳጅ ማደያ ወይም አፓርታማ ልሥራ ሲል መጀመሪያ እነሱ አይተው ለከተማው ምክር ቤት አስተያየት ይሰጣሉ። ስብሰባው ላይ የሚገኘው ሰው አንዳንዴ ጥቂት ነው፤ እጁን ያነሳ ሁሉ ይናገራል። ምክር ቤቱም በ2023 ምርጫ ዘጠኝ አባላት በዘጠኝ ወረዳ ወደሚባል አሠራር ገብቷል። የሰፈራችሁን ተወካይ ስም ታውቃላችሁ? ሶማሌዎቹ ወንድሞቻችን ከኛ ቀድመው ይህንን ገብቷቸዋል። እኛ ግን የአዲስ አበባን ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት እንተነትንና ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የእግረኛ መንገድ ስለሌለው ጥግ አንድ ስልክ አንደውልም።

ክፋቷን ደብቄ አልመክራችሁም። ባቡር የለም። የመንገደኛ ባቡር በ1979 ቀረ፣ እስካሁን አልተመለሰም። አውቶቡስ አለ። በ2024 ሕዝቡ ለፈጣን አውቶቡስ መስመር የሽያጭ ግብር እንዲጨመር ድምፅ ሰጥቷል፤ እስኪሠራ ግን መኪና የሌለው ሰው ይቸገራል። አዲስ አበባ ለመሄድ መጀመሪያ እንደ ዋሽንግተን ወይም ቺካጎ ያለ ሌላ ከተማ መድረስ ግድ ነው። ክረምቱ ከበረዶው ይልቅ ግራጫነቱ ነው የሚከብደው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ፀሐይ የምትታየው እንደ እንግዳ ነው። ሐኪሞቹ ቫይታሚን ዲ የሚሉትን ስሙ፣ ማታ ማታም ከቤት ውጡ። በሙያችሁ በጣም ጠባብ ነገር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ፊልም ወይም ዓለም አቀፍ ዲፕሎማሲ፣ እዚህ አትምጡ። ትልቁ ከተማ ለእናንተ ተሠርቷል።

ከአገሬው ሰው ጋር መግባባት ከፈለጋችሁ አንድ አቋራጭ አለ፤ የኮሌጅ ፉትቦል። የኦሃዮ ስቴት ስታዲየም ከመቶ ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፣ ቅዳሜ ይሞላል። ከሚሺጋን ጋር የሚጋጠሙበት ሳምንት ሲደርስ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ምልክቶች ላይ ኤም የሚለው ፊደል ሁሉ በቀይ ይሰረዛል። ያበዱ ናቸው፣ ደስ ይላሉ። ሕጉን ባታውቁም ሰኞ ጠዋት ማን እንዳሸነፈ አውቃችሁ ሥራ ግቡ። በዚያ ቅዳሜ ሠርግ አትደግሱ፤ የሥራ ባልደረባ አንድም አይመጣላችሁም።

የኛው ኳስ ለሚናፍቃችሁ ኮሎምበስ ክሩ አለ። በ2017 ባለቤቱ ቡድኑን ቴክሳስ ሊወስደው ሲል ደጋፊው ከተማውን አንቀሳቅሶ አስቀረው። በ2020 ዋንጫ በላ፣ በ2023 ደገመ። በትልቅ ከተማ እንዲህ ያለ ጩኸት ተሰሚነት ያገኝ እንደሆን እንጃ።

ለመምጣት ካሰባችሁ በሰኔ አትምጡ። በሰኔ ሁሉም ከተማ ያምራል። ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዳችሁ ኑ። ጠዋት ሰባት ሰዓት የመኪና መስታወት በረዶ ፋቁ፣ ልትኖሩበት ካሰባችሁት ሰፈር ልትቀጠሩበት ወዳሰባችሁት ቦታ በሥራ ሰዓት ነድታችሁ ሂዱ፣ ማታም ተመለሱ። የሙያ ፈቃድ ያላችሁ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ መምህራን ከመምጣታችሁ በፊት የኦሃዮን ፈቃድ ማመልከቻ አስገቡ፤ ደርሰን እናደርገዋለን ያሉት ወራት ጠብቀዋል። ሆቴል አትያዙ፣ ቤታችን ምድር ቤቱ ውስጥ አልጋ አለ። ባለቤቴ ግን እንግዳ ያለ ቁርስና ያለ ሦስተኛ ቡና ስለማትለቅ፣ የጠዋት ቀጠሮ ካላችሁ ማታውኑ ንገሯት።