ያ አፍሪካዊ ሚኒስትር የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፊልም

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ ጋሼ? እኔ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በልብስ ስፌት የምሠራ ነኝ። እሑድ ዕለት አቶቴ አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር በተከራየነው ቤት «ባትል ኢን ሲያትል» የሚባል ፊልም አይተን ተጣልተን ልንለያይ ነበር። አንዷ «መስታወት የሰበረ ሁሉ ዱርዬ ነው» ትላለች። ሌላዋ ለፖሊሱ ነፍሰ ጡር ሚስት ስታለቅስ አመሸች። እኔን ግራ ያጋባኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች የዓለም ንግድን የሚቃወሙት ለምንድን ነው? የእኛ እንጀራ የተገኘው እኮ ወደ ውጭ ከሚላክ ልብስ ነው። ታሪኩስ እውነት ነው? ስሜ ይቆይ፣ ከሐዋሳ።

መልስ፦ ልጄ፣ ከጓደኛሽ እንባ ልጀምር። ያቺ ነፍሰ ጡር፣ ኤላ፣ በደራሲው የተፈጠረች ናት። ቻርሊዝ ቴሮን አሳምራ ስለተጫወተቻት ማልቀሱ አያሳፍርም፤ እኔን ግን ገና ብቅ ስትል ነው ያስከፋችኝ። ስለ ጎዳና ግጭት በሚተርክ ፊልም ውስጥ አንዲት እርጉዝ ሴት ሆዷን ይዛ ከታየች ዱላው እሷ ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ባሏ አድማ በታኝ ፖሊስ ሆኖ መገኘቱ ደግሞ ይባስ! ጽፎ ያዘጋጀው አየርላንዳዊው ተዋናይ ስቱዋርት ታውንሰንድ ነው፤ በዳይሬክተርነት የመጀመሪያ ሥራው ነበርና የጀማሪ እጁ እዚህ ላይ ይታያል። ከንቲባውም ቢሆን በፊልሙ ጂም ቶቢን ይባል እንጂ የእውነተኛው ከንቲባ ስም ፖል ሼል ነበር። በዚያ ሳምንት በሲያትል ጎዳና የሞተ ሰው የለም።

የቀረው አጥንቱ እውነት ነው። አገሮች የንግድ ደንብ የሚደራደሩበትና ክርክራቸው የሚዳኝበት የዓለም ንግድ ድርጅት የሚኒስትሮች ጉባኤ በአሜሪካዋ ሲያትል ኅዳር 20 ቀን 1992 ዓ.ም. ሊከፈት ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። እዚህ የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነበር፤ የሁላችንም ጆሮ ባድመ ግንባር ላይ ስለነበረ ስለ ሲያትል የሰማነው ጥቂቶች ነን። ሰልፈኞቹ በማለዳ ወጥተው፣ ከፊሎቹ ክንዳቸውን በቧንቧ ውስጥ አስገብተው እየተቆላለፉ፣ ወደ አዳራሹ የሚያስገቡትን መስቀለኛ መንገዶች ዘጉ። ልዑካኑ ማለፊያ አጡ፤ የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ተሰረዘ። የሠራተኛ ማኅበራቱ ሰልፍ ሲታከልበት ሕዝቡ ከ40,000 እንደሚበልጥ ተገምቷል። ከንቲባው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ሰዓት እላፊ ተጣለ፤ ብሔራዊ ዘብ ገባ፤ 600 ያህል ሰዎች ታሰሩ።

«ዱርዬ» ላለችው ጓደኛሽ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ንገሪልኝ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስና የሚያቃጥል ርጭት መጠቀም የጀመረው ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የተጠቀመበትም መንገድ ዘግተው በተቀመጡ ሰዎች ላይ ነው። ጥቁር ለብሰው ፊታቸውን የሸፈኑት ጥቂት ወጣቶች የሱቅ መስታወት ማርገፍ የያዙት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙኃኑ እጃችንን አናነሣም ተባብለው የመጡ ነበሩ፤ ሱቅ ፊት ቆመው ሰባሪዎቹን ለማስቆም የሞከሩም ነበሩ። ካሜራ ግን የሚሰበር ነገር ይወዳል፤ ቴሌቪዥኖቹ ደጋግመው ያሳዩት መስታወቱን ነው። የፖሊስ አዛዡ ኖርም ስታምፐር ሥራውን ለቀቀ፤ ከዓመታት በኋላም ያ የጭስ ውሳኔ በሥራ ዘመኑ ከፈጸማቸው ስሕተቶች ሁሉ የከፋው እንደነበር በራሱ አንደበት ተናገረ። ከተማዋ በአንድ መናፈሻ ውስጥ በጅምላ ለታሰሩት ሰዎች 1 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል የተስማማችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ በቶሮንቶ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ እኛ ሚሊኒየማችንን በተቀበልንበት ሰሞን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ምስሉ ድንገት ሻክሮ ቀለሙ የደበዘዘባቸውን ቦታዎች ካስተዋልሽ፣ እነዚያ የዚያው ሳምንት እውነተኛ የዜና ምስሎች ናቸው። የተዋናዮቹ ክፍል አብዛኛው የተቀረጸው በካናዳዋ ቫንኩቨር ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ፤ ከሦስታችሁ ፊልሙን በትክክል ያየሽው አንቺ ነሽ። ከሰልፈኞቹ መካከል ንግድ ይቁም ያሉት ጥቂቶች ናቸው። የብዙዎቹ ክስ፣ ማንም ያልመረጣቸው ሰዎች በዝግ ቤት ተቀምጠው የአገርን ሕግ ይሽራሉ የሚል ነው። የባሕር ኤሊ መስለው የለበሱትን ታስታውሻለሽ? አሜሪካ ኤሊ በማይገድል መረብ ያልተጠመደ ሽሪምፕ ወደ ገበያዬ አይገባም የሚል ሕግ ነበራት። ሕንድ፣ ማሌዥያ፣ ፓኪስታንና ታይላንድ ከሰሷት፤ ድርጅቱም በ1991 ዓ.ም. ሕጉን ያስፈጸመችበት መንገድ አድሏዊ ነው ብሎ ፈረደባት። ኤሊዎቹ አደባባይ የወጡት በዚህ ነው።

ከኤሊዎቹ ጎን የብረት ፋብሪካ ሠራተኞችና የከባድ መኪና ሾፌሮች ማኅበራት ተሰልፈዋል። የእነርሱ እሮሮ «ሥራችን ጉልበት ወደሚረክስበት አገር ሄደብን» የሚል ነው። ጉልበት የሚረክስበት አገር የሚሉት እንግዲህ ያንቺን ማሽን ጭምር ነው። ፊልሙ ይህን አይነግርሽም፤ ቢነግርሽ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ ስለሚያደናግርሽ ሰልፈኛውንና የድሃውን አገር ሚኒስትር በአንድ ወገን አሰልፎ ያልፋል። እውነቱ ሌላ ነበር። በዚያው ሰሞን ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለአንድ የሲያትል ጋዜጣ ሲናገሩ፣ የሠራተኛ መብት መለኪያ በንግድ ስምምነቶች ውስጥ ገብቶ ውሎ አድሮ በማዕቀብ ቢታገዝ እንደሚፈልጉ ገለጹ። ማኅበራቱ የሚሹት ይህንኑ ነበር። የታዳጊ አገሮች ልዑካን ግን ተቆጡ፤ ለሠራተኛ መቆርቆር በሚል ስም በር ሊዘጋብን ነው አሉ። እኔ እንደማየው ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። የአንቺ ደመወዝና የአንቺ ሥራ መኖር አንድ ላይ የሚጠየቁበት ጠረጴዛ ግን በዚያ ሳምንት አልነበረም።

ኢሳክ ደ ባንኮሌ የተጫወተውን አፍሪካዊ ሚኒስትር ልብ ብለሽ ይሆን? ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና ሰው እሱ ነው፤ ፊልሙ ግን ከፖሊሱ ትዳር የተረፈችውን ጊዜ ብቻ ሰጠው። ድርጅቱ በወቅቱ 135 አባላት ነበሩት፤ ቁልፉ ድርድር ግን የሚካሄደው የተጋበዙ ጥቂቶች ብቻ በሚገቡባት ክፍል ነው። አብዛኞቹ የአፍሪካ ሚኒስትሮች ኮሪደር ለኮሪደር ሲንከራተቱ ሰነበቱ። ጠዋት ሰልፈኛው መንገድ ዘጋባቸው፤ ቀን ባለጉባኤው በር ዘጋባቸው። በመጨረሻ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስም በጋራ መግለጫ አወጡ፤ ያልተካፈልንበትን ስምምነት አንቀበልም አሉ። የካሪቢያንና የላቲን አሜሪካ አገሮችም ተመሳሳይ ቃል አሰሙ። ጉባኤው ኅዳር 23 ቀን ያለ ውጤት ተበተነ። እርግጥ አውሮፓና አሜሪካም በእርሻ ድጎማ አልተስማሙም ነበር፤ ቢሆንም እነዚያ ሚኒስትሮች እምቢ ባይሉ ኖሮ ለፊርማ የሚሆን ወረቀት ከዚያች ክፍል ይወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጭስ የሌለበት ድራማ ስለሆነ ይሆናል ካሜራው ያልተከተለው።

ለእንጀራሽ የሚቀርበው ሕግ አጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የፈቀደው፣ የጸደቀው ከሲያትል ጥቂት ወራት በኋላ፣ በግንቦት 1992 ዓ.ም. ነው፤ የፈረሙትም እኚያው ክሊንተን ናቸው። ፓርካችሁ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ዋናው ተስፋ ያለ ቀረጥ አሜሪካ መግባት ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከዕድሉ ስታስወጣት ደግሞ የተዘጉ ሼዶችን አየን፤ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያ የወረዱ እኩዮችሽንም አየን። ውሳኔው ሲወሰን አቶቴ መጥቶ የጠየቀ የለም። የሰልፈኞቹ ቁጣ ከአንቺ ሕይወት ጋር የሚገጥመው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በሲያትል ከተሰበሩት መስታወቶች መካከል የቡና ሻጩ የስታርባክስም ይገኙበታል፤ ኩባንያው እዚያው ሲያትል የተወለደ ነው። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. አመለከተች፤ ከብዙ ክርክር በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከዚሁ ኩባንያ ጋር ተፈራረመች። ያን ያስገኙት የተሰበሩ መስታወቶች ሳይሆኑ ጠበቆች፣ ደብዳቤዎችና የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ያካሄደው ዘመቻ ናቸው። ይህን ስጽፍ እየጠጣሁ ያለሁት የአለታ ወንዶ ቡና ስለሆነ ወገንተኛ ብትይኝ አልከራከርም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሰልፈኞቹ አሸነፉ ማለት ይቻላል? ኢትዮጵያስ በዚያ ጉባኤ ድምፅ ነበራት? የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

መልስ፦ ለአንድ ሳምንት፣ አዎ። ድርጅቱ ግን አልፈረሰም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1994 ዓ.ም.፣ ሰልፈኛ እንደልቡ በማይገባባት ዶሃ ተሰብስቦ አዲስ ድርድር ከፈተ። ጎዳናውም ዋጋ ከፍሏል፤ በሐምሌ 1993 ዓ.ም. በጣሊያኗ ጄኖዋ በቡድን ስምንት፣ ማለትም በኃያላኑ አገሮች መሪዎች፣ ስብሰባ ወቅት አንድ ወጣት ሰልፈኛ በፖሊስ ጥይት ተገድሏል። ኢትዮጵያን በተመለከተ፣ በሲያትል ጊዜ አባል ስላልነበረች ድምፅ አልነበራትም። የአባልነት ማመልከቻዋን ያስገባችው በጥር 1995 ዓ.ም. ሲሆን ድርድሩ ከሃያ ዓመት በላይ ወስዷል። ስለዚህ «ድርጅቱ ይፍረስ» ወይም «ይሻሻል» ብለህ ከመከራከርህ በፊት፣ እኛ ለመግባት በር ስናንኳኳ እንደኖርን አትርሳ።

ጥያቄ፦ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፤ ፊልሙን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ባሳይ ይከብድ ይሆን?

መልስ፦ መምህር፣ ስድብ አለበት፤ የድብደባ ትዕይንቶችም አሉ። ተማሪዎችዎ በስልካቸው ከሚያዩት የሚከፋ ግን አይመስለኝም። ከማሳየትዎ በፊት የዓለም ንግድ ድርጅት ምን እንደሚሠራ በሰሌዳ ላይ ቢያስረዷቸው መልካም ነው፤ ፊልሙ በመግቢያው ላይ በጥድፊያ ነው የሚያልፈው። ክፍሉን ለሁለት ከፍለው አንዱን የሠራተኛ ማኅበር፣ ሌላውን የታዳጊ አገር ልዑክ አድርገው ቢያከራክሩማ የበለጠ ይጣፍጣል። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ስለሆነ ሁለት ክፍለ ጊዜ አይበቃዎትም፤ ሦስተኛውን ከሒሳብ መምህሩ ይለምኑ።