በነሐሴ የተዋጣ ገንዘብ፣ በጥር የሚነሳ መኪና
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሚኒያፖሊስ የምንኖር የአንድ እድር አባላት ነን። ነሐሴ ላይ የደቡብ ሱዳንን ሕፃናት በቴሌቪዥን አይተን ገንዘብ አዋጣን። ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ስንልክ «ለደቡብ ሱዳን ብቻ ይዋል» ብለን እንሰረው ወይስ ዝም ብለን እንስጥ?

መልስ፦ ሳታስሩ ስጡ። ነገሩ ከዝናብና ከመንገድ ጋር የተያያዘ ነው። የደቡብ ሱዳን ሰፊው ክፍል ዋልካ አፈር ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሲዘንብበት መኪና ይውጠዋል። ክረምቱን የሚያሻግረው ጭነት ከኬንያው የሞምባሳ ወደብ ተነስቶ በድንበር ከተማዋ በኒሙሌ በኩል ጁባ ገብቶ፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ ገጠር ክሊኒኮች መድረስ አለበት። ነሐሴ ላይ ያያችሁት ልጅ የሚበላው ጥር ላይ የተጫነውን ነው፤ ያን ጭነት የሚገዛውም ቀደም ብሎ ሳይታሰር የተሰጠ ገንዘብ ነው። ያኔ ያልተጫነው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ዋጋው ከመኪና ብዙ እጥፍ ነው፣ የአፈር ማረፊያው ከጨቀየም አውሮፕላኑ ጨርሶ አያርፍም።

በቁጥር እንየው። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ልጅ የክንዱ ዙሪያ በጥብጣብ ተለክቶ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በከባድ የምግብ እጥረት ይመዘገባል፤ ፕላምፒ ነት የሚባለው በኦቾሎኒ ቅቤ የተሠራ የሕክምና ምግብም ይጀመርለታል። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ነው፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። አንድ ካርቶን 150 ፓኬት ይይዛል፤ ለአንድ ልጅ ሙሉ ሕክምና በግርድፉ አንድ ካርቶን ይሄዳል። ማሸጊያው ሳይቆጠር 13.8 ኪሎ፣ ለ500 ልጅ ወደ 7 ቶን መሆኑ ነው። ሰባት ቶን በጥር ለአንድ የጭነት መኪና ቀላል ሸክም ነው፤ በነሐሴ ግን ራስ ምታት ነው። ቤት ውስጥ ሌሎች የተራቡ ልጆች ካሉ ደግሞ ፓኬቱ መካፈሉ አይቀርም፤ የታመመው ልጅ ክብደት አልጨምር ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ይኸው ነው።

የታሰረ ገንዘብ ምን እንደሚያመጣ በሱናሚው ጊዜ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ሲመታ ገንዘቡ ጎረፈ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ2005 የመጀመሪያ ቀናት «ለዚህ የሚበቃን አግኝተናል» ብሎ መቀበል አቆመ። የተረፈውን ወደ ሌላ አደጋ ለማዞር ለጋሾቹን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። አብዛኞቹ እሺ አሉ፤ ገንዘቡ ሳይታሰር ቢሰጥ ግን ያ ሁሉ ደብዳቤ ባላስፈለገ።

ያዋጣችሁትን በ12 ከፍላችሁ በየወሩ ብትልኩ ደግሞ የተሻለ ነው። የጥር ወርን ጭነት የሚያዝዝ ሰው በመስከረም ማወቅ ያለበት በየወሩ የሚገባውን ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ አንድ ክሊኒክ ሲዘጋ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለይ ማሽን) እና ያልተከፈቱ መድኃኒቶች ሰጡኝ። ኢትዮጵያ ላለ ሆስፒታል ብልከውስ?

መልስ፦ መድኃኒቱን ይተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲቀረው ይጠይቃል፤ የመግቢያ ፈቃድም ያስፈልጋል። በቦስኒያ ጦርነት ዘመን ወደዚያ የገባው የማይረባ መድኃኒት እስከ 17,000 ቶን ተገምቷል፤ ማስወገዱም ሌላ ወጪ ነበር።

ማሽኑ ደግሞ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ለሚመላለስበት ብዛት) የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ሞተሩ በአንድ ስድስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል፤ ኮምፕረሰሩ በቂ አየር ስለማይገፋ የኦክስጅኑ ንጽሕና ይወርዳል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ ችግሩ ይደራረባል። ክፉው ነገር ማሽኑ እየጮኸ፣ ቱቦው እየነፈሰ ሁሉም ደኅና መምሰሉ ነው። ንጽሕናው በኦክስጅን መለኪያ መፈተሽ አለበት፤ ከ82 በመቶ በታች ከሆነ ለሕክምና አይበቃም፤ ሳይፈተሽ ከቀረና እጅግ ከወረደ ደግሞ በሽተኛው የሚስበው ከተራ አየር ብዙም የማይሻል ሊሆን ይችላል። ለመላክ ከቆረጡ የሆስፒታሉን የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ማጣሪያውንም አብረው ይላኩ።

ጥያቄ፦ የእርዳታ ድርጅቶች ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ የሚጻፈው የሚሊዮኖች ቁጥር የሰው ቁጥር ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። የሚቆጠረው ምርመራ ነው፤ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ወባ ይዞት የመጣ ልጅ ሦስት ሆኖ ይገባል። እኛ መጀመሪያ የምናየው የገቢ ምንጩን ነው። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ገቢ ከ95 በመቶ በላይ ከግል ለጋሾች ስለሚመጣ እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ኅብረትን የስደተኞች ፖሊሲ ተቃውሞ የኅብረቱንና የአባል አገሮቹን ገንዘብ አልቀበልም ማለት ችሏል። ቀጥሎ የድርጅቱን መጠባበቂያ ገንዘብ ይመልከቱ፤ ስንት ወር ያሠራዋል? ሁለትና ሦስት ሳምንት ብቻ ከሆነ ያ ድርጅት በጥር መኪና ሊጭን አይችልም።