ዳታቤዙ ሲዛወር ቀኑ ለምን ይገለበጣል? ጥያቄና መልስ

ዳታቤዝ ከሙከራ ሰርቨር ወደ ሥራ ሰርቨር ስታዛውሩ ቀን ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ። የትኛው ዳታቤዝ እንደሆነ ግን ንገሩኝ።

ከገላን፦ ጋሼ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው። ላፕቶፕ ላይ ፈትነን ባክአፑን (ቅጂውን) መጋዘኑ ሰርቨር ላይ ሪስቶር አደረግን፣ ማለትም መልሰን ጫንነው። አሁን ኤፕሪል 3 ብለን ያስገባነው ዕቃ ማርች 4 ሆኖ ይወጣል። ኮዱን አልነካንም።

መልስ፦ ያዛወራችሁት ዳታቤዙን ነው። ሎጊኑ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ውስጥ የሚገባበት መለያ፣ የሰርቨሩ ስለሆነ በባክአፑ አይመጣም። እያንዳንዱ ሎጊን ደግሞ የራሱ ቋንቋ አለው። የአሜሪካ እንግሊዝኛ ከሆነ ወር ይቀድማል፤ የብሪታንያ ከሆነ ቀን። «03/04/2025» ላፕቶፑ ላይ ኤፕሪል 3፣ መጋዘኑ ላይ ማርች 4 የሆነው ለዚህ ነው። የድሮው ዳታ ደህና ነው። አዲሱ ግን ቀኑ ከ12 ካልበለጠ ዝም ብሎ ይገለበጣል፤ ስህተት የሚያወጣው ከ13 ጀምሮ ነው። «2025-04-03» ያድነናል እንዳትሉ፤ ዴትታይም (ቀንና ሰዓት የሚይዝ) ኮለም ከሆነ ቀን የሚቀድምበት ሎጊን እሱንም ይገለብጠዋል። ያለ ሰረዝ «20250403» ጻፉ። ከሁሉም በላይ ቀንን እንደ ጽሑፍ አትላኩ። በፓራሜትር ላኩት፤ ማለትም ከትእዛዙ ጽሑፍ ለይታችሁ፣ ቀን እንደሆነ አድርጋችሁ።

ከሰበታ፦ ኦራክልስ?

መልስ፦ የክላይንቱ (ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኘው ኮምፒውተር) መቼት የሰርቨሩን ይሽራል። ቱ ዴት (ጽሑፍን ወደ ቀን የሚለውጠው ትእዛዝ) ስትጽፍ ፎርማቱን አብረህ ጻፍ።

ከለገጣፎ፦ ማይኤስኪውኤል?

መልስ፦ የትም ብትወስደው ዓመት፣ ወር፣ ቀን ነው።

ከሱሉልታ፦ ቀን አልሠራ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ዳታቤዝ? ምን ጻፍክ? ምን ብሎ መለሰልህ? እሱን ይዘህ ና።

ከቡራዩ፦ ለምን በራሳችን አቆጣጠር አናስቀምጠውም? ደንበኛው የሚያውቀው እሱን ነው።

ከአያት፦ ጳጉሜን የት ልትገባ ነው? ዴት ኮለም 13ኛ ወር አይቀበልም።

ከቡራዩ፦ በጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ።

ከአያት፦ ታዲያ ዕቃው ስንት ቀን መጋዘን እንደቆየ በምን ልታሰላ ነው?

መልስ፦ የአያቱ ልክ ነው። ጳጉሜን ብቻም አይደለችም፤ ጥቅምት 30 በቁጥር 02-30 ነው፤ ዳታቤዙ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ስለሚያነበው አይገባም። ሌሎቹ ቀናት መግባታቸው ደግሞ ይብሳል፤ የተሳሳተ ቀን ሆነው ይቀመጣሉ። ዳታቤዙ ውስጥ ኤፕሪል 3 ቀን 2025 ይቀመጥ፤ ስክሪኑና ደረሰኙ ላይ መጋቢት 25 ቀን 2017 ብላችሁ አሳዩ። ለደንበኛው ማሰብህ ደግ ነው፤ ቦታው ግን እዚያ ነው። ቀንን እንደ ጽሑፍ አታስቀምጡ።

ከዱከም፦ ሪስቶር ካደረግን በኋላ ቀንና ወሩ ተቀያየረብን...

መልስ፦ ለገላኑ መልሻለሁ። ከላይ አንብብ።

ከገላን፦ የሎጊኑን ቋንቋ ብቻ ብንቀይርስ ጋሼ?

መልስ፦ ለዛሬ ያስተነፍሳችኋል። አዲስ ሎጊን ሲፈጠር ግን ይመለስባችኋል። ኮዱን አስተካክሉ። ከዛወራችሁ ወዲህ የገባውን ከዕቃ መግቢያ ደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ የተገለበጠውን ከወረቀቱ ሌላ የሚነግራችሁ የለም።