ሞለኪውሎቹ ቆመው ወይስ ተኝተው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሐዋሳ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የአንዳንድ ስልክ እስክሪን ብርሃን የሚሰጠው ቫኪዩም ውስጥ ተንኖ በተጋገረ ስስ የኦርጋኒክ ሽፋን እንደሆነ ሳስረዳ አንዲት ተማሪ፣ «ሞለኪውሎቹ እንደወደቁ ይቀራሉ ወይስ ይሰለፋሉ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ መምህር፣ ልጅቷን ያመስግኑልኝ። እኔ ይህ ጥያቄ የመጣልኝ ናሙና ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ለእስክሪን የሚመረጡት በቀላሉ የማይደረደሩ፣ ጎርባጣ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ክሪስታል ከሠሩ ሽፋኑ ይሻክራል። እኔ የደከምኩበት ፔንታሲን ግን መሰለፍ ይወዳል። አምስት ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቶች በአንድ መስመር ተያይዘው የሠሩት፣ እንደ ክብሪት እንጨት ረዘም ያለ ሞለኪውል ነው። መዳብ ላይ ሲያርፍ ብረቱ አጥብቆ ስለሚስበው ጋደም ይላል። ሲሊከን ኦክሳይድ ላይ ግን ከሥሩ ካለው ገጽ ይልቅ ጎረቤቱ ይስበዋል። ወዲያ ወዲህ ሲንሸራተት ቆይቶ ቢጤዎቹን ሲያገኝ ደሴት ይሠራሉ፤ እንደ ስንዴ ማሳም ተጠጋግተው ይቆማሉ። ገጹን ሞቅ ካደረጉት ራቅ ብለው ስለሚሄዱ ደሴቶቹ ጥቂትና ሰፋፊ ይሆናሉ። የአንዱ ድርብ ከፍታ 1.54 ናኖሜትር ነው።

ጀርመን ስማር አንድ ሌሊት ተቀምጬ ለትራንዚስተር (ለኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሆን 50 ናኖሜትር የፔንታሲን ሽፋን ጋገርኩ። ጠዋት አቧራ አየሁበትና አሴቶን አፈሰስኩበት። (እናቴ «እጅሽ አያርፍም» የምትለው እውነቷን ነው።) አሴቶን ፔንታሲንን እምብዛም አያሟሟም፤ ምን ይሆናል ብዬ? ሽፋኑ ተሸበሸበ፣ ትራንዚስተሩም ደከመ። በኤክስሬይ ስለካው 1.54 የነበረው ወደ 1.44 ወርዷል። ሞለኪውሎቹ ይበልጥ አዘንብለው፣ ቁመት ያጡትን ያህል ወደ ጎን ሰፍተው፣ ቦታው አልበቃቸው ብሏል። ለካ በስስ ሽፋን የሚቆሙበት አቋቋም የመጨረሻ ማረፊያቸው አይደለም፤ አሴቶኑ መፈናፈኛ ሰጣቸው እንጂ ሌላ ነገር አላደረገም።

አለቃዬ አልተቆጡኝም። «አሴቶን ያልነካውን ወፍራሙን ናሙናሽን ለኪው» አሉኝ። ለካሁት፤ 1.54ም 1.44ም በኤክስሬዩ ግራፍ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጉብታ ሆነው ወጡ። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ከላይ ያሉት በራሳቸው ጊዜ ማዘንበል ጀምረው ኖሯል።